ሰፊ ጎማ ለሽምግልና

ሰው ሚስት ለማግባት ሲያስብ ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ጥርሱን ይታከማል፣ ስለት ይሳላል። እኔ ጎማ ቀየርኩ።

ነገሩን ከሥሩ ብነግራችሁ ይሻላል፤ አለበለዚያ እንደ ዘመዶቼ ገና ሳትሰሙ መሳቅ ትጀምራላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ የምነዳት አንዲት የቤት መኪና አለችኝ። በዕድሜ እኩያዬ ናት ማለት ይቻላል። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር ይባላል። የኋላ በሮቿ ደግሞ አንደኛው ከውስጥ ብቻ፣ ሌላኛው ከውጭ ብቻ ነው የሚከፈቱት፤ ስለዚህ ማን በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ሳይነጋገሩ ጉዞ አይጀመርም። ከዚህ በቀር እንከን የላትም። ጎማዋም ፋብሪካው የሰጣት ቀጭን ጎማ ነበር፤ አብሯት በመጣው ቸርኬ ላይ ልክክ ብሎ ተቀምጦ ዓመታትን ያለ ወሬ ያሳለፈ።

ላገባት ያሰብኳት ሕይወት ደግሞ ፒያሳ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ምንም ሳያመኝ የራስ ምታት ክኒን ስገዛ ከረምኩ። በመጨረሻ እሷው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ራስህ እስከ መቼ ነው የሚያምህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዳንኩ። ተዋወቅን፣ ተግባባን፣ ተዋደድን፤ አንድ ቀን ከሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላን ሳለ «በቃ ሽማግሌ ላክ» አለች። ዓሣዬ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

«አንድ ነገር ግን እወቅ። አባቴ ታይታ አይወድም» አለችኝ።

«እኔም ታይታ ምን እንደሆነ አላውቅም» አልኳት። ይህን የምለው በተዋስኩት ኮት ውስጥ ሆኜ ነው።

አባቷ አቶ ካሳሁን ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። የከተማውን ግማሽ ሰው ጆሮውን እየቆነጠጡ ያሳደጉ፣ ሲስቁ ያያቸው ሰው በምስክር የሚፈለግ ዓይነት ሰው። ለታላቅ እህቷ ሽማግሌ የላከ አንድ ምስኪን፣ ሽማግሌዎቹን በአበባ ባጌጠ የኪራይ መኪና ስላመጣቸው ብቻ አባቷ «እኔ ገና ልጅ አልሰጠሁም፣ እናንተ ሠርግ ይዛችሁ መጣችሁ?» ብለው ከበር እንደ መለሷቸው ሕይወት ነግራኛለች። ሰውየው ዳግም ተቀባይነት አላገኘም። እኔም ብባረር እንደማይቀበሉኝ አውቃለሁ። እናም ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ብሩክ ገባ። ብሩክ መኪና የለውም፤ ስለ መኪና ግን የማያውቀው የለም።

«በዚህች መኪና ነው ሽማግሌ የምትልከው?»

«ምን አላት?»

«መኪናዋስ ምንም አትል። እግሯ ነው የቀጠነው። ከላይ ሰውነት፣ ከታች የዶሮ እግር! ሰፋ ያለ ጎማ አስገባላት፤ ያኔ የሰው መኪና ትመስላለች።»

«አባትየው ታይታ አይወዱም እኮ።»

«ጎማ ታይታ ነው እንዴ?»

ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሳሰላስል አደርኩ። ቀለም ማስቀባት ታይታ ነው። መስታወት ማስጠቆር ታይታ ነው። ጎማ ግን ያለው ታች፣ መሬት ላይ፣ ጭቃ ውስጥ ነው። ከመኪና አካል ሁሉ ትሑቱ ጎማ ነው። ሲነጋ ጎማ ማስፋት እንደውም ትሕትናን ማስፋት እንደሆነ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ጎሚስታው ሰይፉ የሚባል ደስተኛ ሰው ነው። የመረጥኩትን ሰፊ ጎማ አየ፣ የመኪናዬን ቸርኬ አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ይገባል?» አልኩት።

«እዚህ ቤት ያልገባ ጎማ የለም!»

እውነቱን ነው፤ ገባ። አገባቡን ግን ባላየው ይሻለኝ ነበር። ሳሙና ተቀባ፣ በብረት ተፈለቀቀ፣ ተረገጠ። ሰይፉ ሲደክመው እኔ ረገጥኩ፤ እኔ ሲደክመኝ መንገደኛ ቆሞ ረገጠልን። ነፋስ ሲሞላ እንደ መድፍ ጮኾ ቦታው ላይ ቁጭ አለ፤ ሰይፉም እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። አራቱም ከገቡ በኋላ ራቅ ብዬ አየሁ። ጎማዎቹ በጠባብ ጫማ እንደ ዋለ እግር ወደ ጎን ተነፍተዋል።

«አበጡ እንዴ?»

«አላበጡም፣ ደልበው ነው» አለ።

ደስ አለኝ። ትርፉ ጎማ ብቻ እንደ ቀድሞው ቀጭን ሆኖ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ቀረ። እሱን ማን ያየዋል ብዬ ተውኩት።

በዚያው ምሽት ብቻዬን ወደ ሐይቁ በሚወስደው ሰፊ መንገድ ነዳኋት። ሐዋሳን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ መንገዷ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፣ ሜዳ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው። በቀጥታ መንገድ ላይ ከእኔ የሚበልጥ ሹፌር አልነበረም። መሪው ትንሽ ከበድ አለኝ፤ እሱንም ክብር ነው ብዬ አለፍኩት።

እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው። አንደኛው አጎቴ ጋሼ ተፈራ ናቸው፤ አንደበታቸው ማር፣ ሰውነታቸው ደግሞ ወንበር የሚያስጨንቅ። ሁለተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ዳንጊሶ ናቸው፤ የሲዳማ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው አቶ ላቀው ፍርድ ቤት ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው የወጡ፣ ከሰዓታቸው ላይ ዓይናቸውን የማያነሡ ሰው ናቸው። ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰዋል።

በወጉ ቢሆን እኔ በዚያ ቀን ቤቴ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን መብላት ነበረብኝ። ሽማግሌ የላከ ሰው በልጅቷ ደጅ አይታይም፤ ነውር ነው። ችግሩ የመኪናዋን በሮች ጠባይ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ መንገዱ ጥግ ላይ አውርጃቸው እንድሰወር ተስማማን። አቶ ካሳሁን መልኬን አይተው አያውቁምና ማንም ሹፌር ነው ብሎ ያልፈኛል ተባለ። ሽማግሌዎቹን በየበራቸው አስገባሁ፤ አጎቴ ከኋላ ሲቀመጡ መኪናዋ አንዴ ተነፈሰች፤ ተነሣን።

ቀጥታው ላይ ሁሉ ሰላም ነበር። አጎቴ ንግግራቸውን እየተለማመዱ ነው፤ «ልጃችን ትሑት፣ ባለው የሚረካ፣ ታይታ የሚባል ነገር የማያውቅ…» ይላሉ። ልክ «የማያውቅ» ሲሉ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ከመኪናዋ ሆድ «ግርርርርር!» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ምንድን ነው?» አሉ አጎቴ።

«ምንም አይደለም፣ አዲስ ስለሆነ ነው።»

«አዲስ ነገር እንዲህ ያለቅሳል?» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ።

በሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ከጩኸቱ ጋር የተቃጠለ ጎማ ሽታ ተጨመረ። ፒያሳ ስንደርስ አቁሜ የጋሽ ዳንጊሶን በር ከውጭ ከፈትኩላቸው። ወርደው ነጠላቸውን ሰብስበው አጎንብሰው አዩ፤ ባልና ሚስት በሚያስታርቁበት እርጋታ ጎማውንም ላሜራውንም ተራ በተራ አዳመጡ።

«ጎማው ሰፍቶ ወደ ውጭ ወጥቷል። ክብደት ሲጫን ላሜራው ወርዶ ይነክሰዋል» አሉ።

ክብደት ሲባል የሁላችንም ዓይን ሳናስበው ወደ አጎቴ ሄደ።

«ምን ታዩኛላችሁ? ረቡዕና ዓርብ የምጾም ሰው ነኝ እኮ!»

«ሰዓት እየሄደ ነው» አሉ አቶ ላቀው።

ታክሲ እንያዝ አልኩ። አጎቴ እንቢ አሉ፤ ልጁ መኪና አለው ብለው አስቀድመው አስወርተው ኖሯል። ጋሽ ዳንጊሶ ትንሽ አሰቡና ፍርድ ሰጡ። «መኪናዋ ስትታጠፍ ወደ ውጭ ታጋድላለች። እኛ ወደ ውስጥ እናጋድል። ያን ጊዜ አትነካም።»

ሞከርነው። እኔ «ቀኝ!» ስል ሦስቱም ወደ ቀኝ ተጋደሙ፤ ጎማው ዝም አለ። «ግራ!» ስል ወደ ግራ፤ ዝም። እግዚአብሔር ይስጥልን ተባለ። ከውጭ ለሚያየን ግን ነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች እሑድ ረፋድ ላይ መኪና ውስጥ እስክስታ ይዘዋል።

ከዚያ አደባባይ መጣ። አደባባይ ላይ መታጠፍ ማለት አንድ ጊዜ መታጠፍ አይደለም፤ ገብቶ፣ ዞሮ፣ ዞሮ መውጣት ነው። «ቀኝ! አሁን ግራ! ግራ! ገና ነው፣ ግራ!» እያልኩ ዞርን። አጎቴ ሙሉ በሙሉ አቶ ላቀው ላይ ወድቀዋል፤ አቶ ላቀው ከሥር ሆነው ሰዓታቸውን ለማየት ክንዳቸውን ያስለቅቃሉ። ከጎናችን የነበረ የባጃጅ ሹፌር ቀስ ብሎ አጠገባችን ሆነ።

«ጋሼዎች፣ ዘፈኑን ከፍ አድርጉትና እኛም እንጨፍር!»

«ዘፈን አይደለም!» ብለው ጮኹ ጋሽ ዳንጊሶ ከተጋደሙበት። «ጎማ ነው!»

ባጃጁ መውጫውን እስኪስት ድረስ ሳቀ። እኛም የእኛን ሳትን፤ አደባባዩን እንደገና ዞርን።

እንዲህ እንዲህ ስንል የነሕይወት ሰፈር ደረስን። በውሉ መሠረት ጥግ ላይ ላወርዳቸው ቆምኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ዳር ጭቃ ነው።

«ይሄን ልብስ ለብሼ ጭቃ አልረግጥም። እስከ በሩ አድርሰንና ሂድ» አሉ አጎቴ።

«ሰዓቱ አልፏል» አሉ አቶ ላቀው።

የመጨረሻው መታጠፊያ ከበሩ ፊት ለፊት ወደ ግራ ነው። «ግራ!» አልኩ። ማንም አልተነቃነቀም። ዘወር ብዬ ባይ ሦስቱም ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ የሰው ደጅ ደርሰዋልና ክብራቸውን እየለበሱ ነው። ያ ክብር ሁሉ በቀኙ የኋላ ጎማ ላይ አረፈ። «ግርርር» ካለ በኋላ «ጓ!» አለ፤ ቀጥሎ ረዥም «ሽሽሽሽ»። መኪናዋ አነከሰችና በአቶ ካሳሁን በር ፊት፣ በአግድም፣ ቆመች።

በሩ ተከፈተ። አቶ ካሳሁን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወጡ። ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ጎማውን አዩ፣ መሪ ላይ ተጣብቄ የቀረሁትን እኔን አዩ።

«ደኅና ናችሁ? የተጎዳ የለም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጎማ ብቻ ነው» አሉ አጎቴ። ወደ እኔ ጠቁመውም ሳይጠየቁ «ይሄ ሹፌራችን ነው» አሉ።

«ግቡ። አንተም ግባ።»

«እዚሁ እጠብቃለሁ ጋሼ። መኪናዋን ልይ።»

«ሰው ደጄ ላይ ትቼ እንግዳ አላስተናግድም። ግባ ብያለሁ።»

በርዕሰ መምህር ድምፅ ነው ያሉት። እግሬ ሳያማክረኝ ገባ።

እንዲህ ሆኖ የገዛ ሽምግልናዬን በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ለማየት በቃሁ። ሽማግሌዎቹ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ አጎቴም ያን የማር አንደበት ፈቱት። ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ልጃችን ትሑት ነው፣ ባለው የሚረካ ነው፣ ታይታ የሚባል ነገር አያውቅም አሉ። ይህን ሲሉ አቶ ካሳሁን በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ነበር። በመስኮቱ በኩል አንድ ያበጠ አዲስ ጎማና አንድ የተነፈሰ ፍንትው ብለው ይታያሉ።

«ተቀመጡ» አሉ በመጨረሻ።

ውኃ ይዛ ልታስታጥብ መምጣት የነበረባት የሕይወት ታናሽ እህት ነበረች። ሕይወት ግን መኪናዋን በመስኮት አይታ ኖሮ ማስታጠቢያውን ራሷ ይዛ ብቅ አለች። ሽማግሌዎቹን በሥርዓት አስታጠበች። እኔ ጋ ስትደርስ ከንፈሯን ነክሳ ትንቀጠቀጣለች፤ በቁጣ ይሁን በሳቅ አላወቅሁም። ውኃው እጄን ትቶ በእጅጌዬ ወደ ብብቴ ገባ። የተዋስኩት ኮት ነበር።

«አንተ ሹፌር» አሉ አቶ ካሳሁን። «መኪናዋ የማን ናት?»

«የልጁ ናት ጋሼ።»

«ያን ጎማ ያስገባባት ማን ነው?»

አጎቴ ሳሉ። ጋሽ ዳንጊሶ ጣራ አዩ።

«እሱው ነው» አልኩ።

«ከመኪናዋ ልክ በላይ እንደሆነ ሳይታየው ቀርቶ?»

«አይ፣ ይታያል ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ነካው?»

መዋሸት ይቻል ነበር፤ ጎሚስታው ነው፣ ፋብሪካው ነው ማለት ይቻል ነበር። ሕይወት ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች። ዓይኗን ሳይ ውሸቱ ሁሉ ጠፋኝ።

«ሞኝ ነው ጋሼ» አልኩ። «እርስዎን ፈርቶ ነው። በዚያች አሮጌ መኪና ሽማግሌ ብልክ ይንቁኛል፣ ከናቁኝ ደግሞ አይሰጡኝም፣ ካልሰጡኝ ምን እሆናለሁ ብሎ ነው። ታይታ አይወዱም ተብሎ ተነግሮታል፤ ፍርሃቱ በለጠበት እንጂ። ይወዳታል ጋሼ። በጣም ነው የሚወዳት።»

አቶ ላቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ከሰዓታቸው ላይ አነሡ።

«ስለ ልጁ ብዙ ታውቃለህ» አሉ አቶ ካሳሁን።

«አብረን ነው ያደግነው።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«እኔው ቤት ነው።»

ከሕይወት በኩል እንደ ማስነጠስ ያለ ነገር ተሰማና ወደ ጓዳ ሮጠች። አቶ ካሳሁን እኔን ትክ ብለው አዩኝ፤ ጆሮዬን ሊቆነጥጡ ነው ብዬ ሸሸሁ። እሳቸው ግን ተነሥተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ትርፍ ጎማ አለህ?»

«አለኝ። ቀጭን ነው ግን።»

«ና፣ እንቀይር።»

ክሪኩን እኔ፣ ብሎኑን እሳቸው ያዝን። ሽማግሌዎቹ ከበላያችን ቆመው በመንገድ ያየነውን መከራ ይተርካሉ፤ ጋሽ ዳንጊሶ ጭቃውን ረስተው እንዴት ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስንጋደል እንደመጣን እየተጋደሉ ያሳያሉ። የባጃጁ ሹፌር ያለው ላይ ሲደርሱ አቶ ካሳሁን ብሎን እንደያዙ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ምስክር ከተፈለገ አራት አለን።

ጎማው ገብቶ መኪናዋ ከክሪክ ስትወርድ አቶ ካሳሁን ቀጭኑን ጎማ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይቺ ናት የራሷ እግር» አሉ።

ከዚያ እጃቸውን ታጥበው፣ ፊታቸውን ወደ ቦታው መልሰው፣ ለሽማግሌዎቹ በወጉ ተናገሩ። «የመጣችሁበትን ጉዳይ ሰምተናል። ከቤተሰብ ጋር እንመክራለን። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

አጎቴ እጅ ነሡ። የሁለት ሳምንት ቀጠሮ እሺም እንቢም አይደለም፤ ልቤ እንደ ጎማው ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሽማግሌዎቹን በየበራቸው አስገብቼ ሞተር ካስነሣሁ በኋላ አቶ ካሳሁን ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። እኔን አላዩኝም፤ የሚያናግሩት አጎቴን ነው።

«በቀጠሮው ስትመጡ ጎማዎቹን ቀይሩ። ሹፌሩን ግን እንዳትቀይሩ።»

ምን እንደመለስኩ አላስታውስም፤ ምናልባት ጥሩምባ ነው የነፋሁት። ነዳሁ። ከመንገዱ ጫፍ ወደ ቀኝ መታጠፍ ነበረብኝ፤ የግራው የኋላ ጎማ አሁንም ሰፊ ነው። ሳልናገር ሦስቱም ሽማግሌዎች ክብራቸውን ትተው ወደ ቀኝ ተጋደሙ። ጎማው ድምፅ አላሰማም። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። አቶ ካሳሁን በራቸው ላይ ብቻቸውን ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እሳቸውም ከወገባቸው በላይ ወደ ቀኝ ተጋድመው ነበር።